የካፒቶሊና አውቶቡስና የቦጎሮቭ ቃጠሎ

ካፒቶሊና ዬጎሮቭና የምድጃ ሠሪ ልጅ ናት። ቮልጋ ወንዝ ዳር ባለችው በቦጎሮቭ ከተማ ተወልዳ፣ እዚያው ባሏን ቀብራ፣ የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ስትነዳ ፀጉሯ ሸበተ። ዝም ብሎ መንዳት አይሆንላትም። ፌርማታ በጠራች ቁጥር በድምፅ ማጉያው ታሪኩንም ትጨምርበታለች።

«ካቴድራል! ታታሮች አቃጠሉት፣ ፖላንዶች አቃጠሉት፣ እኛ ደግሞ በሶቪየት ጊዜ ድንች አከማቸንበት። አሁን ይጸለይበታል። ወራጆች፣ በረዶ ነው፣ ቀስ በሉ!»

ታሪኩን የነገራት አባቷ ነው። እሱም ምድጃ ሲሠራ ከየቤቱ የለቃቀመው ስለሆነ እውነቱና ተረቱ ተደባልቋል።

አንድ ጠዋት ከኋላ ወንበር ጡረተኛው የታሪክ መምህር ቬኒያሚን ሉኪች ብድግ አሉ።

«ሴትዮ! ፖላንዶች ካቴድራሉን አልነኩትም! ያቃጠለው የገዛ ዳቦ ጋጋሪያችን ነው፤ ምድጃውን ሳያጠፋ ተኝቶ!»

«የአባቴን ሙያ አይንኩብኝ፣ መምህር! ምድጃ ምን አጠፋ? ሰካራም ነው የሚያቃጥል!»

አውቶቡሱ በሳቅ ተናጋ።

ከዚያ ወዲያ መምህሩ መሄጃ ባይኖራቸውም በየማለዳው ይሳፈራሉ። ከካቴድራሉ እስከ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ድረስ የስንት መቶ ዓመት ነገር ሲነታረኩበት ተሳፋሪው ለሁለት ተከፈለ፤ ገሚሱ «ጋጋሪው ነው ያቃጠለው» ባይ፣ ገሚሱ «ፖላንዶች ናቸው» ባይ። ዓሣ ሻጯ ግላፊራ ደግሞ ፌርማታዋን እያለፈች፣ «ቆይ እንጂ፣ እሳቱ ሳይጠፋ የት እወርዳለሁ!» ትላለች።

ከዕለታት አንድ ቀን መምህሩ ቀሩ። በማግስቱም የሉም። ካፒቶሊና «ካቴድራል» ብላ ብቻ፣ ታሪኩን ሳትጨምር መንዳቷን ቀጠለች።

«እትዬ ካፒቶሊና፣» አለች ግላፊራ፣ «ምነው፣ ከተማችን ታሪክ አለቀባት?»

ካፒቶሊና ሥራዋን እንደጨረሰች የእንጆሪ ማርማላታ ይዛ ወደ መምህሩ የእንጨት ቤት ሄደች። እግራቸውን በፋሻ ጠቅልለው፣ ምድጃው በሚያፈሰው ጭስ ታፍነው ተኝተው አገኘቻቸው።

«ካቴድራሉ ጋ ስወርድ ተንሸራተትኩ፣» አሉ። «በረዶ ነው ያሉት ልክ ነበር። ልክ የተናገሩት እሱን ብቻ ነው!»

ሳቋ አመለጣት። እጅጌዋን ሰብስባ የምድጃውን ጥላሸት ጠረገች፤ የላላውን ጡብ አጠበቀች። ጭሱ ጠፍቶ ቤቱ ሲሞቅ መምህሩ እሳቱን አዩ፣ እሷንም አዩ።

«ጋጋሪው እንዲህ ያለ ምድጃ ቢኖረው ካቴድራሉን ባላቃጠለ ነበር።»

«ፖላንዶቹም ምናልባት ያን ያህል ክፉ አልነበሩም፣» አለች አንገቷን ሰበር አድርጋ።

«ካፒቶሊና ዬጎሮቭና፣ ብቻዬን ስከራከር ሁልጊዜ አሸንፋለሁ፤ አይጥምም። ቢያገቡኝስ?»

«ኧረ መምህር፣ በዚህ ዕድሜ?»

«ቦጎሮቭ ስንት ጊዜ ከአመድ ተነሥታለች! እኛ ምን አነሰን?»

በግንቦት፣ ወንዙ ከበረዶው ከተፈታ በኋላ፣ ተጋቡ። ተሳፋሪዎቹ አውቶቡሱን በለምለም ቅጠል አስጌጡት። ግላፊራ የዓሣ ኬክ ጋገረች፤ ሁለቱም ወገን እየበላ፣ በአገሩ የሰርግ ወግ «መረረን! መረረን!» ብሎ ጮኸ፣ ሙሽሮቹ ተሳስመው እስኪያጣፍጡለት።

ዛሬ ስለ ፖላንዶችም ስለ ጋጋሪውም ታርቀዋል። የማይስማሙት በገዛ ዘመናቸው ነው። የድሮው ዳንስ ቤት ግድግዳ እሷ አረንጓዴ ነበር ትላለች፣ እሳቸው ሰማያዊ። ሁለቱም እኮ በወጣትነታቸው ጨፍረውበታል!