ጋሽ እምሩ ያላወረዱት ድንጋይ

ጋሽ እምሩን አላውቅም የሚል ሰው አራዳን አላውቃትም ይበል! ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ፣ ከኔ የክርና የቁልፍ ሱቅ ጎን ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከስፌት መኪናቸው ይልቅ ግን ስማቸው የተጠራው በሽምግልና ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ጎረቤት በአጥር ሲካሰስ፣ "ኧረ ጋሽ እምሩን ጥሩ!" ነው። በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ጎንበስ ይላል፤ ተበዳይ "ይቅር ለእግዚአብሔር" ሲል ድንጋዩ ይወርዳል። አለቀ።

እህታቸው እማሆይ ለተኪዳን ኢየሩሳሌም ገዳም ነበሩ። በሰባ አምስት መግቢያ ላይ "ታመዋል፤ ወንድሜን ሳላይ እንዳልሞት ይላሉ" የሚል መልእክት መጣ። ያኔ ደግሞ ከአገር ለመውጣት መጀመሪያ ቀበሌ በደብዳቤ መደገፍ አለበት። ደጋፊው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ነጋሽ! ሱሪውን ጋሽ እምሩ ሲያሳጥሩለት ያደገ ልጅ!

በዚያው ሰሞን ቀበሌው ስለ ፍልስጤም ስብሰባ ጠራ። ቤይሩት ውስጥ ሴትና ሕፃን መጨፍጨፉን በሬዲዮ ሰምተን አንጀታችን አርሯል። ነጋሽ አወገዘ፣ እኛም እጃችንን አነሳን። "አስተያየት ያለው?" ሲል ጋሽ እምሩ ብድግ! ኮታቸውን ብጎትት አልሰሙኝም።

"ልጄ፣ የሞተባቸውን እግዜር ያጽናቸው፤ ገዳዩም ይጠየቅ" አሉ። "ግን እህቴ እዚያ በአይሁዱም በአረቡም ወገን ለቅሶ ትደርሳለች። ሁለቱም አገሬ ነው ይላሉ፣ ሁለቱም የቀበሩት አላቸው። ገላጋይ የት ሄደ? እኔ ብሆን ሁለቱንም ድንጋይ አሸክሜ አስታርቃቸው ነበር።"

"በዳይና ተበዳይን እኩል አደረጉ! አድኃሪ!" ብሎ ነጋሽ ጠረጴዛውን ደበደበው። እሳቸው ያስታረቁት ስንቱ እዚያ ተቀምጦ፣ እኔ ብቻ "ኧረ በፈጠራችሁ!" ብል ዝም በይ ተባልኩ።

ድጋፉ ቀረ። ሰፈሩም "ነጋሽን ይቅርታ ይጠይቁትና ይለፍ" ይላቸው ጀመር። ምን በድለው? ደሜ ፈላ! እሳቸው ግን "አይናዲስ፣ ለተኪዳን እኮ እየጠበቀችኝ ነው" አሉኝ። ከጓሮዬ ድንጋይ አንስተው፣ በዚያ ዕድሜያቸው ጫንቃቸው ላይ አድርገው፣ ቀበሌው ደጃፍ ጎንበስ ብለው ቆሙ።

ነጋሽ ወጥቶ አያቸው። "ይሄ የፊውዳል ልማድ ነው" ብሎ አለፈ። "አውርዱ" እንኳ አላላቸውም! ድንጋዩን ላወርድላቸው ብል "ተይ፣ የሚያወርደው እሱ ነው" አሉኝ። ከምሳ ሲመለስም በአጠገባቸው አለፈ። አመሻሹ ላይ ራሳቸው አወረዱት።

ክረምቱ ሳይገባ እማሆይ አረፉ። ድንኳን ተጥሎ ለቅሶ ተቀምጠን ሳለ ነጋሽ መጣ፤ እናቱ ወይዘሮ አልጋነሽ እያለቀሱ ያንኑ ድንጋይ አሸክመውታል። ጎንበስ አለ። "ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ" አለ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ወደ ጋሽ እምሩ ዞረ።

ወይዘሮ አልጋነሽ የጋሽ እምሩ እግር ላይ ወደቁ።

በመጨረሻ "አልቻልኩም" አሉ። "በምላሴ ብለው ከሆዴ አይወጣም። ለካስ እንዲህ ይከብዳል! እኔ እኮ ለነዚያ ለኢየሩሳሌም ሰዎች የአንድ ቀን ሽምግልና የሚበቃ መስሎኝ ነበር።"

ፊታቸውን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞሩ። ልጁ ድንጋዩን እንደተሸከመ ወጣ። ደግ አደረጉ አልኩ፤ ዛሬም እላለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን "ጋሽ እምሩን ጥሩ" ሲባል፣ እሳቸው አልሄዱም።