ፊቴን ለማጽዳት የተሰጠኝ አሥር ቀን

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ለሰው ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ ደብዳቤ ግን "እኛ ደህና ነን፣ እናንተስ እንዴት ናችሁ" ካሉት በኋላ ራሱ ነው የሚሄደው። የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ስድስተኛ ሳልገባ መምህራችን ለዘመቻ ተወሰዱ፣ ክፍላችንም የቀበሌ መሰብሰቢያ ሆነ። ከዚያ እኔና አክስቴ በመተማ በኩል ወጥተን ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገባን። ይህን በጽሑፍ የምናገረው በአፌ ለማውራት ስለማፍር ነው። ወረቀት ዓይን የለውም።

ገዳሪፍ በገባሁ በዓመቱ ፊቴ ተበላሸ። ክረምቱን ሙሉ ሰሊጥ ሳርም ከርሜ ስመለስ ግንባሬና ጉንጬ ብጉር ወርሶት፣ አፍንጫዬ ተልጦ ነበር። እስከዚያ ድረስ ስለ ፊቴ አስቤ አላውቅም። ሁልጊዜ በነጠላ ስለምሸፍነው ብዙም አንተዋወቅም ነበር።

ያስተዋወቀን ሥራ ነው። ገበያው ውስጥ ሳሙና፣ ሽቶና የፀጉር ቅባት የሚሸጡ የወሎ ሴት ነበሩ፤ ሰው ሁሉ ሐጃ ይላቸዋል። ማንበብና መጻፍ የምትችል ልጅ እንደሚፈልጉ አክስቴ ሰማችና ጎትታ ወሰደችኝ። ሐጃ ነጠላዬን በሁለት ጣታቸው ገለጥ አድርገው ብዙ አዩኝ። መጀመሪያ ያላገባሁ መሆኔን ጠየቁ። የቀድሞዋ ልጅ ገበያው በደራበት ሳምንት ባል አግብታ፣ ኒው ሀልፋ የሚባል ከተማ ሄዳ ቀርታባቸዋለች። አለማግባቴን አክስቴ ማለችላቸው። ከዚያ እኔ እዚያ የሌለሁ ይመስል ለአክስቴ፦

"ይቺን ፊት አይቶ ከእኔ ሳሙና የሚገዛ ማነው? አሥር ቀን ልስጣት። ከጠራላት ትግባ" አሏት።

ካልጠራልኝ የት እንደምገባ አውቀዋለሁ። የሰሊጥ አጫጆቹ ሎሪ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ይነሳል። ወይ ከሱቁ ጥላ ሥር እቀመጣለሁ፣ ወይ ከዚያ ፀሐይ ጋር እንደገና እገናኛለሁ።

አክስቴ በአገራችን ደንብ ቅቤ ቀባችኝ። በደጋ አገር ቅቤ ፊት ላይ ይቀመጣል፤ ገዳሪፍ ላይ ግን አይቀመጥም፣ ይጓዛል። ግማሹ ወደ ዓይኔ፣ ግማሹ ወደ ጆሮዬ ወረደ። ያንኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ተነሳና ከግቢ የታጠበ ልብስ ሳነሳ ደረሰብኝ። ስገባ አክስቴ ዞር አድርጋ አየችኝና፣ ይህን ያህል ጭቃ መኖሩን ባውቅ ግድግዳውን አስለስንበት ነበር አለች። በማግሥቱ ሎሚ ሞከርን። ስለ ሎሚው አልጽፍም።

አራት ቀን እንዲህ አለፈ።

ጎረቤታችን ሱዳናዊት ነበረች፤ ፊቷ እንደተወለወለ ብርጭቆ ያበራል። ባሏ በሾዋክ አድርጎ ከሰላ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። እሱ በሚመጣበት ዕለት ከአጥራችን ማዶ ተቀምጣ ቡናማ ሊጥ የመሰለ ነገር ገላዋን ስታሽ አያታለሁ። ድልካ ይሉታል። ከማሽላ ዱቄት፣ ከቅርንፉድና ከሰንደል ተቦክቶ በጭስ የታጠነ ነው። በውሃ አርሰው ሲያሹት እድፍ ይዞ ይረግፋል። ባሏ በማይመጣበት ቀን ለምን እንደማትታሽ መጠየቅ ነበረብኝ። ግን እኔ እሳት ለመጫር እንኳ ሦስት ጊዜ በሯ ድረስ ሄጄ የምመለስ ሰው ነኝ።

ስለዚህ ሳልጠይቅ ገበያ ሄጄ አንድ እፍኝ ገዛሁ። ሻጯ በዓረብኛ የሆነ ነገር ጠየቀችኝ። አልገባኝም፤ ወሬው ቶሎ እንዲያልቅ ብዬ በራሳቸው ቋንቋ "አይዋ"፣ አዎ አልኳት። በጣም ደስ አላትና ያለ ዋጋ ሌላ ቁራሽ ጨመረችልኝ። ደግ ሴት ናት ብዬ ሄድኩ።

ከዚያ ወዲያ ለፊቴ ሥርዓት አበጀሁለት። ጠዋት በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና እታጠባለሁ፤ በንጹሕ ጨርቅ ሳላሽ አደርቃለሁ፤ ነፋሱ እንዳያደርቀኝ አንዲት ጠብታ የሰሊጥ ዘይት እቀባለሁ። ቀን ከጥላ አልወጣም። ሲመሽ ፊቴን በድልካ አሽቼ እንደገና እታጠባለሁ። አክስቴ ሽታው ያስነጥሳት ነበር፤ ግን ብጉሩ መድረቅ ስለጀመረ እያስነጠሳት ታመሰግን ነበር። በአሥረኛው ቀን ድልካውን አብዝቼ አሸሁና ብቻዬን ወደ ሐጃ ሱቅ ሄድኩ።

ገና ከበሩ ስገባ አንዲት ወፍራም ሱዳናዊት ደንበኛ አየሩን ማሽተት ጀመረች። አሸተተች፣ ተጠጋችኝ፣ አንገቴን አሸተተች፤ ከዚያ እልል አለች። ሙሽራው ማነው፣ ሠርጉ መች ነበር፣ ለምንስ አልጠራችሁንም ብላ እጄን ያዘች። በዓረብኛ ያለችውን ሁሉ በኋላ የነገሩኝ ሐጃ ናቸው። ለካ በዚያ አገር ድልካ የሚታሹት ሙሽሮችና ባለትዳሮች ናቸው፤ ሽታው ብቻ የጋብቻ ወረቀት ነው። የገበያዋ ሴትም የጠየቀችኝ ሠርጌን ነበር።

ሐጃ ፊታቸው ጠቆረ።

"አግብተሽ ነው የመጣሽብኝ?"

መሬቱን አየሁ። ዝም ብል ያገባሁ እሆናለሁ፣ ሎሪውም ከነገ ወዲያ ይነሳል። በሕይወቴ ጮክ ብዬ የተናገርኩት ያን ቀን ይመስለኛል።

"አላገባሁም፣ ሐጃ። ፊቴን ልታጠብበት ነው።"

"የሙሽራ ድልካ ለፊት?"

ሐጃ ያልኩትን ሲነግሯት ደንበኛይቱ አላመነችም። ሙሽራ የምትታወቀው በእግሯ ነው፤ ሂና የሌለው የሙሽራ እግር የለም አለች። ጎንበስ ብላ ቀሚሴን ከፍ፣ ጫማዬን ወለቅ አደረገችው። እግሬ ላይ ሂና አልነበረም። የነበረው ክረምቱን በሰሊጥ እርሻ የከረመ ተረከዝ ነው፤ የገዳሪፍ ጥቁር አፈር በበጋ እንደሚሰነጠቀው ተሰንጥቋል። ቀረብ ብላ አየችው። ከዚያ ሐጃን ጠራቻቸው፤ እሳቸውም ጎንበስ ብለው አዩት። ደንበኛይቱ፣ ይህን ተረከዝ ይዞ ወንድ ቤት የገባ ሰው የለም፣ ልጅቱ እውነቷን ነው ብላ ፈረደችልኝና እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሦስት ሳሙና ገዝታ እየሳቀች ወጣች።

ሐጃ አገጬን ይዘው ፊቴን ወደ ብርሃኑ አዞሩት። ምን ምን እንዳደረግሁ ጠየቁኝ። ጠዋት መታጠቡን፣ ዘይቱን፣ ጥላውን፣ ማታ በድልካ አሽቶ መታጠቡን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ጉንጬን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አደረጉ።

"ያዳነሽ ውሃውና ጥላው ነው፣ አንቺ ሞኝ" አሉኝ። "ነገ በጠዋት ነይና ሱቁን ትከፍቻለሽ። የተረፈውን ድልካ ደግሞ ተረከዝሽን እሺበት።"