ያላደረጉትን የማይሰብኩት አጎቴ

በቅርቡ ያረፉት አጎቴ ወሎ ውስጥ መርሳ ከተማ ቄስ ነበሩ። የእሑዱን ወንጌል ሐሙስ ያነቡና፣ «ያላደረግሁትን አልሰብክም» ይሉ ነበር።

ጦርነቱ ከተማችን በገባበት ሳምንት ምንባቡ «ጠላቶቻችሁን ውደዱ» የሚል ነበር። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ግራና ከምትባለው ጎረቤት ከተማ በኩል ከባድ መሣሪያ እየጮኸ፣ ከጠላት ወገን የሆነ አንድ የቆሰለ ተዋጊ አጥራችን ሥር ወድቆ ውኃ ለመነ። እናቴ በሩን ይዛ፣ «አይውጡ አባ፣ ያስጨርሱናል!» አለቻቸው። እሳቸው ግን ጆጉን ይዘው ወጡ። አጠጥተውት ተመለሱ።

በማግስቱ ለማስቀደስ ለመጣነው ጥቂት ሰዎች፣ «ውኃ ሰጠሁት፤ መውደድ ግን አልቻልሁም። ጸልዩልኝ» አሉን።

እንዲህ ደፍሮ የራሱን እውነት የሚነግረን ሰው አጣን።