የሪጎቤርቶ የእሑድ ኮት

ባሕሩ ሪጎቤርቶን ከዐለት ላይ ከወሰደው አርባ ቀን ሆነው፤ ሬሳውን ግን አልመለሰም። በዚያ የቺሌ ጠረፍ እንዲህ ሲሆን የሟቹ ልብስ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፣ ሻማ ይበራል፣ በሬሳው ፈንታ ተለቅሶለት ይቀበራል። ሚስቱ ኤዱቪና ግን የእሑድ ኮቱን ሳጥን ውስጥ ቆልፋ እንቢ አለች።

የባሏ ታላቅ እህት ክሎሪንዳ ጠዋት መጣች።

«አንቺ ልጅ፣ ኮቱን ስጪን እንጂ! እናቴ አልጋ ይዛለች። ልጇን ሳታለቅስ ትሙት?»

«በሕይወት ካለስ፣ እትዬ? በቁሙ ልቅበረው?»

«በአርባ ቀን? ሙጭጭ ማለትሽ! ከእንቁራሪት ዓሣም ባስሽ።»

«እንቁራሪት ዓሣን አይስደቡት። በሱ ሾርባ ባልዎን አበርትተው አይደል እንዴ ስድስት የወለዱት?»

ክሎሪንዳ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው እንባዋ ተከተለ። ባዶ እጇን ተመለሰች።

ሆድ ሐዘን አያውቅምና ባሕሩ ሲሸሽ ኤዱቪና ቢላዋዋንና ጆንያዋን ይዛ ወደ ዐለቱ ወረደች። እንቁራሪት ዓሣ ማዕበል በሚመታው ዐለት ላይ በሆዱ ተለጥፎ ይኖራል። ሳይሰማ ቢላዋውን ከሥሩ ሰደድ ማድረግ ነው። ቀድመው ከነኩት አለቀ፣ ከዐለቱ ጋር አንድ ይሆናል። ሪጎቤርቶ ሁልጊዜ፣ «ከነቃብሽ ተይው፤ ባሕሩ ከኋላሽ ነው» ይላት ነበር።

የዚያን ቀን እጇ ቀደመ። ዓሣው ተጣበቀ። እልህ ያዛትና ቢላዋውን ጥላ በሁለት እጇ ታገለችው። ውኃው እስከ ደረቷ ሲመታት ነው ባሕሩን ያስታወሰችው። እግሯን ነቅሎ ሲጎትታት በጥፍሯ ስንጥቁን ያዘች። ማዕበሉ ሲመለስ ጥፍሮቿ ይደማሉ፤ ዓሣው እዚያው ነው።

እሷን ያተረፋት የእግዜር ቸርነት ነበር። ይህ ውኃ የያዘውን እንዴት እንደሚወስድ ግን አሁን በገላዋ አወቀችው። «አንተም ሳትተወው ቀርተህ ነው፣ ሪጎ» አለች። ዓሣውን ተወችው።

ልብሷ ሳይደርቅ ኮቱን ታቅፋ ክሎሪንዳ ቤት ገባች።

«የግራ እጅጌው አዝራር ረግፏል፣ እትዬ። ነገ እተክላለሁ እያልኩ… መርፌ አይጠፋም?»

አሮጊቷ እናት አልጋው ዳር አስቀመጠቻትና እጅጌውን ያዘችላት።

«አጥብቂው፣ ልጄ» አለቻት። «እሱ አዝራር ይበጥሳል።»

ኤዱቪና ክሩን አንድ ዙር ጨመረችበት።