የአባቴ መኪና ሚኒሞ

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የመኪና መንዳት አስተማሪ ነበር። ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ከሚያሽከረክሩት ውስጥ ስንቱን መሪ እንዳስያዘ ራሱም አያውቀውም። አብሬው በእግር ስወጣ መንገዱ አያልቅም ነበር። አንዱ የታክሲ ሾፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ "ጋሼ" ይላል፣ ሌላው ከመኪናው ወርዶ ይስመዋል።

ከዚያ ስትሮክ መታው። ንግግሩም እጁም ቀስ በቀስ ተመለሱለት። ግራ እግሩ ግን በከዘራ ከማዝገም አልፎ ፍሪሲዮን የሚረግጥ ጉልበት አላገኘም። እኔና እናቴ አውቶማቲክ መኪና እንፈልግልህ ብለን ብዙ ለመንነው።

"ማርሽ የማይቀየርበት መኪና ሊፍት ነው" አለን። "ቁልፍ ተጭኖ መቆም።"

መፍትሔ ያመጣለት አምስት ኪሎ ትንሽ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው፤ እሱም የድሮ ተማሪው ነው። ከእኔ በዕድሜ የምትበልጠውን ሰማያዊ መኪናችንን ወስዶ ፍሪሲዮኗ በእጅ እንዲሠራ አደረጋት። እኔ እንደገባኝ ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር ሲዞር አየር በኃይል ይስባል። መካኒኩ ያንን የመሳብ ኃይል በጎማ ቱቦ አሳልፎ፣ ትንሽ ድስት ከሚያክል ቆርቆሮ ጋር አገናኘው። አባቴ የማርሹ እጀታ ላይ ያለችውን ቁልፍ ሲጫን የአየሩ መንገድ ይከፈትና ቆርቆሮው በእግሩ ፋንታ ፍሪሲዮኑን ይጎትትለታል፤ ሲለቃት ይመለሳል። ሐኪሙ ፈቀደለት። ዕድሜውን ሙሉ ተማሪዎቹን ሲያዘጋጅለት የኖረውን የመንጃ ፈቃድ ፈተናም እንደ ጀማሪ ተፈትኖ አለፈ። የዚያን ቀን ሳቁ እስከ ግቢው በር ይሰማ ነበር።

አንድ ዓመት ያህል በሰላም ነዳ። ከዚያ መኪናዋ አመል አወጣች። መካኒኮች ሚኒሞ በሚሉት፣ ቆማ ነዳጅ ሳይረገጥ በምትዞርበት ዝቅተኛ ዙር ላይ፣ ሞተሯ ከፍ ዝቅ ይል ጀመር። መስታወቱ ይንቀጠቀጣል፣ ወንበሩ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴ ጭራሽ ትጠፋለች።

የባሰው ምኒልክ አደባባይ ላይ ደረሰ። ቅዳሜ ረፋድ ነው፣ እኔ ከጎኑ ተቀምጫለሁ። ተራችን ደርሶ ልንንቀሳቀስ ስንል ጠፋች። አስነሣት፤ ደግማ ጠፋች። ከኋላችን ክላክስ በክላክስ ሆነ። ከቀኛችን የቆመው የሚኒባስ ሾፌር ማን ነው ብሎ አንገቱን ሲያወጣ አባቴን አየና ፊቱ በራ።

"ጋሼ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ይልቀቁ እንጂ። እርስዎ አይደሉ እንዴ ያስተማሩኝ?"

በክፋት አልነበረም፤ አስተማሪውን በማየቱ ከልቡ ደስ ብሎት ነው የቀለደው። ተሳፋሪዎቹ ሳቁ። አባቴም እጁን አንሥቶ አብሯቸው ሳቀ። እንደምንም ተነሣችልንና ወደ ቤት ዞርን።

ከዚያ በኋላ የመኪናው ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ መዋል ጀመረ። ገበያ እንሂድ ስንለው ደክሞኛል ይላል፤ ሌላ ቀን ፀሐዩን ያማርራል። በረንዳ ላይ ተቀምጦ በመንገዱ የሚያልፉትን መኪኖች ያያል።

መካኒኩ ግን አልተወውም። መኪናዋን ወስዶ ካንዴላዎቹን ቀየረ፣ ካርቡሬተሩን ፈትቶ አጠበ፣ ሚኒሞውን ከፍ አደረገ። ኮፈኗን ከፍቶ ሲያስነሣት እንደ ሰዓት ትሠራለች።

"ጋሼ፣ ይስሙት እስቲ። ምን አላት?"

አባቴ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አዘንብሎ ያዳምጣል። ምንም የላትም። መንገድ ላይ ስትወጣ ግን ያው ናት። እንዲህ ብዙ ተመላለስን። በመጨረሻ መካኒኩ ራሱ ግራ ገብቶት፣ "እኔን ስታይ ጨዋ ትሆናለች" አለ።

አንድ እሑድ እናቴ ጉልበቷን ስላመማት ከቤተ ክርስቲያን የምትመለስበት አጣች። አባቴ ሳይወድ ቁልፉን አነሣና ሄደን አመጣናት። ከኋላ፣ በሁለታችን ወንበር መሃል ተቀመጠች። አራት ኪሎ ስንደርስ መብራት ያዘን። መኪናዋም መንቀጥቀጧን ጀመረች።

"እጅህን አንሣ እስቲ" አለችው እናቴ።

"የቱን?"

"ማርሹ ላይ ያለውን።"

"ማርሽ ገብቷል'ኮ። ብለቀው ትዘላለች።"

"እንግዲያው ማርሹን አውጣና አንሣ።"

አባቴ ከእሷ ጋር መከራከር እንደማያዋጣ ያውቃል። ማርሹን አወጣና ጣቱን ከቁልፏ ላይ አነሣ። ሞተሩ ወዲያው ረጋ።

"አሁን መልሰህ ያዛት።"

ሲይዛት መኪናዋ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ለቀቃት፤ ረጋች። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላችን ክላክስ እስኪጮኽ ድረስ ሲይዝና ሲለቅ ቆየ።

"እንዴት አወቅሽ?" አላት መንገድ ስንይዝ።

እናቴ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ ከታመመ ወዲህ ዓይኗ ከእጁ ላይ ተነቅሎ አያውቅም።

"መኪናዋን አይደለም የማየው። እጅህ ሲንቀጠቀጥ አይቼ፣ በሽታው የተመለሰብህ መስሎኝ ነበር። ከማርሹ ላይ ስታነሣው ይረጋ እንደሆነ ለማየት ፈልጌ ነው።"

አባቴ በመስታወቱ አያትና፣ "እኔም እሱን ፈርቼ ነው የመኪናውን ቁልፍ ያስቀመጥኩት" አለ።

ይህንን ለእኛ ተናግሮ አያውቅም ነበር። እኔ መንዳት ያስተወው የሚኒባሱ ሰዎች ሳቅ ነው ብዬ ነበር የማስበው።

በማግስቱ መካኒኩ እኛው ግቢ መጣ። የሆነውን ስንነግረው ግንባሩን መታ። ጋራዥ ውስጥ ሲሞክራት ማርሽ አያስገባም፣ መንገድ ላይም ፍሪሲዮኑን በእግሩ ይረግጣል፤ ስለዚህ ቁልፏን የሚነካት ሰው አልነበረም። እኔን መሪው ጋ አስቀመጠኝና ከመኪናዋ ሥር ገባ። አባቴ ከዘራውን ተደግፎ በሩ አጠገብ ቆመ።

"ያዣት" ይለኛል ከሥር። እይዛታለሁ። "ልቀቂያት።"

ጥቂት እንደቆየ ድምፁ ተለወጠ። "እዚህ ጋ ያፏጫል። ጋሼ፣ አገኘኋት።"

ወደ ቆርቆሮው የሚሄደው ቱቦ ከአንድ የብረት ጠርዝ ጋር ሲፋተግ ኖሮ ተሰንጥቋል። አባቴ ቁልፏን በያዘ ቁጥር ሞተሩ በስንጥቁ የማያስፈልገውን አየር ይስብና ሚኒሞው ይረበሻል። ሲለቃት መንገዱ ስለሚዘጋ ምንም አይታይም።

"በዚህ ጠርዝ ያሳለፍኩት እኔው ነኝ" አለ መካኒኩ፣ ልብሱን እያራገፈ።

"እኔ መንዳት እንጂ ቱቦ ማሳለፍ መች አስተማርኩህ" አለው አባቴ። መካኒኩ ሳቀ።

ወፍራም ቱቦ አምጥቶ ከብረቱ አርቆ አሰረው። ያለ ቦታው ከፍ ያደረገውን ሚኒሞ ወደነበረበት ሊመልስ ካቻቢቴውን ሲያነሣ አባቴ እጁን ዘረጋ። ኮፈኑ ላይ ተደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ብሎኗን ትንሽ ትንሽ አዞረ። ሞተሩ ቀስ እያለ ወረደ፣ ከዚያ ለስለስ ብሎ ረጋ። እኔ ቁልፏን ይዤ ለቀቅኩ፤ ንቅንቅ አላለችም። የአባቴም እጅ እንደዚያው።

ያን ቀን ሁላችንንም ጭኖ ወደ ፒያሳ ወጣ። እናቴ ከፊት ተቀመጠች። በየመብራቱ ስንቆም ሞተሩን እናዳምጣለን። ኬክ ቤት ደጃፍ ቆመን ሚልፎኒ አስመጣን። አባቴ መኪናዋ ውስጥ ፍርፋሪ እንዳናራግፍ አስጠነቀቀን፣ እናቴም እንዳልሰማች ሆና መብላቷን ቀጠለች። መካኒኩ ከኋላ ማኪያቶውን ይዞ፣ በአንድ እጁ ልብሱ ላይ የወደቀውን ስኳር ይለቅማል። አባቴ ምንም አልበላም፤ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ክርኑን አወጣና መንገዱን ያይ ጀመር።