ግንበኛ ነኝ ብዬ ኮምቦልቻ የወረድኩ ጊዜ

ይሄ ነገር የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ ነው፤ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እስከ ዛሬ ከሐሳቤ አልወጣ ያለኝ ለምን እንደሆነ እኔም በደንብ አልገባኝም። የጻፍኩላችሁም ከእናንተ አንዱ ከገባው እንዲነግረኝ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ስለ ራሴ ትንሽ። ሰይድ እባላለሁ፣ የደሴ ልጅ ነኝ፣ የሰኞ ገበያ። ትምህርት እስከ አራተኛ ነው። አራተኛን ግን ሁለቴ ስለተማርኩት ከሌላው ሰው በላይ አውቀዋለሁ። በመልክም በሉት በጨዋታ፣ ሰፈራችን ውስጥ የሚደርስብኝ አልነበረም። ይሄን ያልኩት እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ሌላም ሰው ብሏል፤ ስሙ ጠፋኝ እንጂ። የጎደለኝ አንድ ነገር ነው፤ ሥራ።

ሳልሞክር ቀርቼ እንዳይመስላችሁ። አባቴ ሰኞ ገበያ በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊ ነው። መጀመሪያ እሱ ጋ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን ለአንድ ትልቅ ሼህ ኮት ሁለቱንም እጅጌ የግራ አርጌ ገጠምኩት። ሼሁ ለበሱት፣ ዞር ዞር እያሉ አዩት፣ ከዚያ በትሕትና፣ "ልጄ፣ ቀኝ እጄን የት ላስቀምጣት?" አሉኝ። አባቴ ከስፌት መኪናው አስነሳኝ።

ቀጥሎ የጭነት መኪና ረዳት ሆንኩ። ከደሴ ኮምቦልቻ ቁልቁለቱ እንዴት እንደሚጠመዘዝ የሄደበት ያውቀዋል። አምስተኛው ኩርባ ላይ ሾፌሩ ጭን ላይ አስመለስኩ። ስድስተኛውን በእግሬ ነው የዞርኩት።

የምመሰገንበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ ወዳጃ። ሐሙስ ሐሙስ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ዱዓ ሲያደርግ፣ መንዙማውን የሚያወጡት ሽማግሌ ድምፃቸው ሲደክም የምተካቸው እኔ ነኝ። እኔ ሳወጣ ቤቱ ሙሉ ሰው ይቀበለኛል። ወላሂ ድምፄ ጦሳ ተራራ ደርሶ ነው የሚመለሰው። አባቴ ግን፣ "ድምፅ ሱሪ አይሆን" ይል ነበር።

በዚህ መሀል አጎቴ ሁሴን ከኩታበር መጣ። ገበሬ ነው፣ ቀልድ አይወድም። አባቴን፣ "ይሄ ልጅ እስከ መውሊድ ሥራ ካልያዘ ይዤው እሄዳለሁ፤ ከበሬ ኋላ ይቁም" አለው። አባቴም "ውሰደው" አለ። እንደ ትርፍ ጨርቅ! እርሻ ንቄ አይደለም። ግን በሬ ቀልድ አይገባውም። እዚያ ከሄድኩ እኔ የምባለው ሰው አለቀለት ብዬ ፈራሁ።

መውሊድ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ኮምቦልቻ ትልቅ የመንግሥት መጋዘን እየተሠራ ነው፣ ሰው ይፈልጋሉ ተባለ። ያኔ ደሞ ያለ ቀበሌ ደብዳቤ የትም አይገባም። ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ፎርሙን ይዛ፣

"ሙያ?" አለችኝ።

"ምን አለ?" አልኳት።

"የምን ምን አለ ነው? ጉልት መሰለህ?"

"አይ፣ ኮምቦልቻ ምን ይፈልጋሉ ማለቴ ነው።"

"ግንበኛ ይፈልጋሉ።"

"እንግዲያው ግንበኛ ነኝ።"

ቀና ብላ አየችኝ። "አንተ? የልብስ ሰፊው ልጅ?"

"ይሄን የተቀመጥሽበትን አዳራሽ ማን የሠራው መሰለሽ?" አልኳት። አዳራሹ ሲሠራ ቅዳሜ ቅዳሜ ቀበሌው ለዘመቻ ሲያስወጣን ድንጋይ ተሸክሜያለሁ፤ ሁለት ድንጋይ። ሳቀችና ጻፈችው። ማኅተም ተመታበት። ማኅተሙን ሳየው፣ ወላሂ፣ ለትንሽ ጊዜ እኔም ግንበኛ የሆንኩ መሰለኝ።

ኮምቦልቻ ፎርማኑ ጋሽ ኢሳያስ ይባላሉ። አጭር፣ ሽበታም፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ናቸው። ደብዳቤዬን አዩ፣ እጄን አዩ። ካዞላ ሰጡኝ፤ ሲሚንቶ የሚለሰንበት ማንኪያ ነው፤ እኔ የያዝኩት እንደ ሾርባ ማንኪያ ነው። "ይቺን የዘበኛ ቤት ጥግ አንሣት እስቲ" ብለውኝ ሄዱ።

እንዴት እንደሠራሁ አትጠይቁኝ። አምስት ረድፍ ብሎኬት ደረደርኩ። ሲመለሱ ቱምቢያቸውን፣ ያቺን በክር የምትንጠለጠል ብረት፣ ከላይ ለቀቋት። ብረቷ ወደ ታች ወረደች፣ ግድግዳዬ ወደ ሌላ አገር ሄደ።

"ጋሼ፣ ቱምቢዎ ተጣሟል" አልኳቸው።

"ልጄ፣ ቱምቢ አይጣመምም።"

"ነፋስ ነው እንግዲያው።"

አልሳቁም። አልተቆጡም። "ደብዳቤህን ከሰዓት ከቢሮ ትወስዳለህ" ብለው ብቻ ዞሩ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ብሎኬት ክምር ላይ ተቀምጬ በሬ በሬ ይሸተኝ ጀመር።

እዚያው ተቀምጬ ደብዳቤዬን ስጠብቅ አንድ ትልቅ መኪና ጄኔሬተር ጭኖ ገባ። የቤት ያህላል። ማውረጃው ክሬን አልመጣም፤ ለምን እንዳልመጣ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ጄኔሬተሩ ግን ዛሬውኑ ይውረድ ተብሏል። ስለዚህ ከመኪናው ጫፍ እስከ መሬት ወፋፍራም ሳንቃ ዘረጉ። ጄኔሬተሩ በገመድ ታሰረ። አርባ የሚሆን ሰው ከመኪናው ወዲያ ማዶ ገመዱን ይዞ ቀስ፣ ቀስ እያለ ሊለቀው ነው። ጋሽ ኢሳያስ ከታች፣ ሳንቃው እግር ሥር፣ ጄኔሬተሩ የሚንከባለልበትን ቧንቧ ያስተካክላሉ።

ሰዎቹ ከየቦታው የመጡ ናቸው። ከቃሉ አለ፣ ከኩታበር አለ፣ ከደሴ አለ። አንዱ "ልቀቅ!" ሲል ሌላው "ያዝ!" ይላል። ገመዱ እጃቸውን ይልጠዋል። እንዲህም ሆኖ ግማሽ ድረስ ወረደ።

ይሄኔ የሥራ ቦታው ካድሬ መጣ። ሰዎቹ የደከሙ መሰለው። ሊያበረታታ ፈልጎ ነው፤ ክፋት አልነበረውም። በርሜል ላይ ወጣና የግራ እጁን ጨብጦ አነሣ።

"ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!"

ያኔ የኖረ ሰው ያውቃል። መፈክር ሲሰማ ግራ እጅ በራሱ ነው የሚነሣው። ማሰብ የለም። ስንት ዓመት በየሰልፉ ተለማምደነዋል። አርባው ሰው "ይውደም!" ብሎ አርባ ግራ እጁን አነሣ። እኔም ተቀምጬ አነሣሁ።

ገመዱ በአርባ ቀኝ እጅ ብቻ ቀረ።

ጄኔሬተሩ ሽርርር ብሎ ወረደ። "ያዝ! ያዝ!" ሆነ። ያዙት፣ ግን አንዱ ሲስብ አንዱ እየለቀቀ ነው። ሳንቃው ተንሸራቶ የጋሽ ኢሳያስን እግር ከመሬቱ ጋር አጣብቆ ያዘው። "እግሬ!" አሉ። እሳቸው ሲጮሁ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ብረቱ ከደረታቸው በላይ አንድ ክንድ አይሆንም፤ እየተንቀጠቀጠ ይመጣል።

እኔ ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ ብል ውሸት ነው። ምንም አላሰብኩም። አፌ ብቻውን ተከፈተና ሐሙስ ሐሙስ ሰዉን በነቢዩ ላይ ሰለዋት አውርዱ የሚልበትን አለ፤

"ያ ጀማዓ! ሶሉ ዓለነቢ!"

አርባው ሰው ደግሞ ሳያስብ ተቀበለኝ።

"ሰለላሁ ዓለይሂ ወሰለም!"

እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ የወሎ ሰው ያን ሲቀበል ትንፋሹ አንድ ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት ሲሰማ ያደገ ነው፤ የት ላይ እንደሚያርፍ ያውቃል። "ወሰለም" ላይ አርባ ሰው በአንድ ጊዜ ሳበ። ገመዱ እንደ ክራር ተወጠረ። ብረቱ ቆመ።

ደገምኩት። ተቀበሉኝ። ብረቱ ወደ ላይ ትንሽ ፎቀቅ አለ። ሁለት ሰዎች ገብተው ጋሽ ኢሳያስን ጎተቷቸው። እሳቸው ወጡ፤ አንዱ ጫማቸው እዚያው ቀረ። እኔ ዜማውን ማውጣቴን አላቆምኩም፤ ካቆምኩ የሚወድቅ መሰለኝ። ከሥሩ ድንጋይ ወትፈው ከደገፉት በኋላ ነው ዝም ያልኩት።

ካድሬው በርሜሉ ላይ እንደቆመ ነው።

"ማነው ያን ያለው?"

አርባ ሰው ሰማይ ሰማይ አየ። ያኔ በመንግሥት ሥራ ቦታ እንዲህ ብሎ መጮህ ምን እንደሚያመጣ ሁሉም ያውቃል። እኔ ቀልድ ፈለግሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም ቀልድ አጣሁ።

"እኔ ነኝ ያዘዝኩት ጓድ" አለ አንድ ድምፅ።

ጋሽ ኢሳያስ ናቸው። በአንድ ጫማ እያነከሱ መጡ።

"ድምፅ ስላለው አውጣ ያልኩት እኔ ነኝ። ጠይቁኝ።"

ሰውዬው ጠዋት ያባረሩኝ ናቸው! ምንም አላዘዙኝም። ካድሬው ደሞ በደንብ ያውቃቸዋል። ሳቅም ቁጣም በሆነ ፊት፣

"አንተ ሰውዬ፣ የራስህ አልበቃህ ብሎ አሁን ደሞ የእስላሙን?" አላቸው።

አጠገቤ የቆመው ሰው በጆሮዬ ነገረኝ። ጋሽ ኢሳያስ ጴንጤ ናቸው። የጸሎት ቤታቸው ከተዘጋ ቆይቷል። ሰው ቤት ተሰብስበው ሲዘምሩ ተይዘው ሦስት ወር ታስረዋል። ይሄን ስሰማ ነገሩ ጭራሽ ዞረብኝ። ለገዛ መዝሙራቸው የታሰሩ ሰው በእኔ መንዙማ ሊታሰሩ ነው? ለምን? አያውቁኝም፤ የሚያውቁት ግድግዳዬን ነው፤ እሱም አያስመሰግንም።

"ጓድ" አሉ ጋሽ ኢሳያስ በዚያች ዝቅተኛ ድምፃቸው፣ "ብረቱ ገና መንገድ ላይ ነው። ቢወድቅ ከላይ የሚጠየቀው ማን ነው?"

ካድሬው ብረቱን አየ። የግራ እጁን አየ። ነገሩ የገባው ይመስለኛል።

"ዜማው ይሁን" አለ መጨረሻ ላይ። "ቃሉ ግን ይለወጥ።"

እኔም በመንዙማ ዜማ ጄኔሬተር አወደስኩ። "ና በለው ብረቱን!" እላለሁ፣ "ቀስ በል፣ እሺ በል!" ይሉኛል። አንዱ ላይ ይለቃሉ፣ አንዱ ላይ ይይዛሉ። መሀል መሀል የሾፌሩን ሆድ፣ የዘበኛውን ኮፍያ ጨመርኩበት፤ ሰዉ እየሳቀ ነው የሚለቀው። ከንፈራቸውን በደንብ ላየ ግን ግማሾቹ የድሮውን ነበር የሚሉት። የአሱር ሶላት ሳይደርስ ብረቱ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ከሰዓት ደብዳቤዬን ልወስድ ቢሮ ሄድኩ። ጋሽ ኢሳያስ እግራቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ተቀምጠዋል።

"ጋሼ፣ ልሂድ?"

"ግንበኛ አይደለህም" አሉኝ።

"እሱስ አይደለሁም። ታዲያ ምንድነኝ?"

ከልባቸው አሰቡበት።

"እኔም አላውቅም" አሉ። "ነገ ግን ና። ሁለት ማሽን ይቀራል።"

ሁለቱን አወረድን። ከዚያ ሌላ መጣ። ክሬኑም በመጨረሻ መጣ፤ እኔ ግን ከጫኝና አውራጆቹ ጋር ቀረሁ። መውሊድ ደርሶ አጎቴ ሁሴን ሊወስደኝ ሲመጣ፣ "ምን ሥራ ያዝክ?" አለኝ።

"እጮሃለሁ" አልኩት።

"እሱንማ ሥራ ሳትይዝም ትጮህ ነበር" ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ብቻውን ወደ ኩታበር ተመለሰ። አባቴ ግን ሰው ሲጠይቀው ምን ብሎ እንደሚመልስ ጨንቆት፣ "ልጄ ኮምቦልቻ ነው" ብቻ ይል ነበር።

አሁን ደርግ የለም። የጋሽ ኢሳያስ ጸሎት ቤት ተከፍቷል፤ እሑድ በዚያ ሳልፍ ዝማሬው እስከ መንገድ ይሰማል። አንድ ቀን በር ላይ አግኝቻቸው፣ "ጋሼ፣ ያኔ ለምን 'እኔ ነኝ ያዘዝኩት' አሉ?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"መጀመሪያ ጫማዬን አምጣ" ብለው ሳቁ። ሌላ አልነገሩኝም።

ባለፈው ወር አዲስ መታወቂያ ላወጣ ቀበሌ ተሰለፍኩ። ሌላ ጸሐፊ፣ ሌላ ፎርም። ልጅቷ ቀና ሳትል፣ "ሙያ?" አለችኝ።

አፌ ላይ ብዙ መጣ። ግንበኛ ልበል? የአውራጆች አለቃ ልበል? እኔ፣ ወሬ የማያልቅብኝ ሰው፣ ዝም አልኩ። ከኋላዬ የተሰለፈው፣ "አቦ ቶሎ በል እንጂ! ሙያህ ጠፋብህ?" እያለ ይጮሃል።

"ባዶ ተይው" አልኳት።

"ባዶ አይቻልም።"

"እህቴ፣ ፊተኛው ላይ ዋሽቼ ነው የሞላሁት። ይሄን ግን እስካውቀው ተይልኝ።"

አየችኝ፣ ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ አንድ ጭረት አሰመረችና ማኅተሙን መታችው። ይኸው ኪሴ ውስጥ አለ። ለሰው ሁሉ አሳየዋለሁ፤ በፎቶው አምሬያለሁ፣ ይሄን ማንም አይክድም። ጭረቷን ሳይ ግን እንደዚያን ቀን ግራ ይገባኛል። ከዚያ ሲነጋ መኪና ይገባል፣ ሰዎቹ ገመዱን ይይዙና ወደ እኔ ያያሉ፤ እኔም ዜማውን አወጣለሁ።