መጋረጃውን የቀደድኩት እኔ ነኝ

እኔ ቀናተኛ ነኝ። ይኼን የምናገረው እንደ ኃጢአት ሳይሆን እንደ ቁመቴ ነው፤ አጭር ነኝ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ቀናተኛ ነኝ። ባሌን ካገባሁት ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ ሃያ ሁለቱንም ዓመት ቀንቻለሁ። በጎረቤት ቀንቻለሁ፣ በጥርስ ሐኪሙ ረዳት ቀንቻለሁ። አንድ ጊዜማ አውቶቡስ ውስጥ ተነሥቶ ቦታ በለቀቀላት ሴት ቀንቼ ሁለት ቀን አኩርፌዋለሁ። ሴትዮዋ እርጉዝ ነበረች።

ባሌ ድራም መቺ ነው። ሦስት ዓመት ሆነው፣ የሚሠራው ከካርቱን ባንድ ጋር ነው። አዎ፣ ካርቱን! በሥጋ የሌሉ፣ የተሳሉ አራት ሙዚቀኞች ናቸው፤ ልጅ አዋቂው ያብድላቸዋል። ዘፋኟ ፊቷ ሁሉ ዓይን ስለሆነ ዓይናማዋ ይሏታል። ድራም መቺው አራት እጅ ያለው ድመት ነው። እንግዲህ የኔ ባል በሁለት እጁ የአራት እጅ ድምፅ ሲያወጣ፣ የአድናቂ ደብዳቤ የሚመጣው ለድመቱ ነው። በስልክና በቴሌቪዥን ብቻ ቢቀሩ ምንም አልነበረም፤ ሕዝቡ "በአካል እናያቸው" አለ። የሌለን አካል በአካል ማሳየት የኛ ሥራ ሆነ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከመድረኩ ፊት፣ ከጣሪያ እስከ ወለል፣ ስስ ጨርቅ ይወጠራል። ፕሮጀክተሩ ከፊት ሥዕሉን ሲለቅበት ካርቱኖቹ አየር ላይ የቆሙ ይመስላሉ። ከጨርቁ ጀርባ እውነተኞቹ ሙዚቀኞች ከራስ እስከ እግራቸው ጥቁር ለብሰው በጨለማ ይጫወታሉ። መብራት ከነካቸው ሰዎቹ ይታያሉ፣ ካርቱኖቹ ይጠፋሉ። ያንን ጨርቅ የምሰፋውም፣ የምተኩሰውም፣ የምጠግነውም እኔ ነኝ። መጨማደድ አይቻልም። አንዴ አንዲት እጥፋት የድመቱን አፍንጫ ለሁለት ከፍላው ሕፃናት አልቅሰዋል።

ደግሞ ሥዕል ሰው አይጠብቅም። ዓይናማዋ አፏን የምትከፍተው በተሳለላት ሰከንድ ነው፤ ከኋላ ያለችው ዘፋኝ ብታስል፣ ድራሙ ቢዘገይ ግድ የላትም። ስለዚህ ሙዚቀኞቹ ጆሯቸው ውስጥ "ጠቅ፣ ጠቅ" የሚል ቆጠራ ይለቀቅላቸዋል፤ ከሱ ዝንፍ ማለት የለም። ሰው "ድገሙት!" ቢል አይደገምም፤ ለድጋሚው የተሳለ ነገር የለማ! አንድ ቀን ጭብጨባው አላባራ ብሎ፣ ዓይናማዋ በጩኸቱ መሃል ማንም ሳይሰማት አመስግና፣ እጇን አውለብልባ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ሄደች። እኔ ሳቄ መጣ። አለቃችን ግን ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

ወደ ቅናቴ ልመለስ። የዓይናማዋ ድምፅ የአንዲት ሴት ነው፤ ባለድምጿ እንላታለን። ሃምሳን የተጠጋች፣ መነጽር የምታደርግ፣ ዝምተኛ። መጀመሪያ ሳያት "ይቺስ አታሰጋም" ብዬ ነበር። ምን ያደርጋል! ልምምድ ላይ ባሌ ዓይኑን ከሷ አይነቅልም። ሲመታ እሷን፣ ሲያርፍ እሷን። ቤት ሲገባ ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ስጠራው አይመልስም፣ ሳወራው ግድግዳ ያያል። "ትሰማኛለህ ወይስ ልብህ ሌላ ቦታ ነው?" ስለው "እ?" ይለኛል። ይቺ "እ?" ቆሽቴን አሳረረችው።

አንድ ቀን አላስችለኝ አለና ፊት ለፊቱ ቆምኩ።

"እሷ ላይ እንዲህ የምታፈጥጠው ምን ቢኖራት ነው?"

"ሥራ ነው" አለኝ።

"ሥራህ ድራሙ ላይ ነው ወይስ እሷ ላይ?"

"ሥራ ነው አልኩሽ እኮ!" ብሎ ኮቱን አንጠልጥሎ ወጣ።

በብርሃን እንዲህ ከሆነ፣ በጨለማውስ? ሁለት ሰዓት ሙሉ! ከፊት ሆኜ ባፈጥጥ ከዓይናማዋ በቀር ምንም አይታየኝም። ከኋላ እንዳልገባ፣ ሙዚቀኛ ያልሆነ ሰው እንዳያልፍ አለቃው ከልክሏል። የመጣው ይምጣ ብዬ፣ ትልቁ ዝግጅት በነበረበት ቅዳሜ ጠዋት፣ ጨርቁን ስተኩስ መሃል ስፌቱን አንድ ስንዝር ተረተርኩት። ልክ ባለድምጿ በምትቆምበት፣ በዓይን ቁመት።

ከሰዓት አዳራሹ ጢም አለ። እኔ ከፊተኛው ወንበር ጥግ ተቀምጫለሁ። ጨርቁ ሲወጠር ስንዝሯ ተበርግዳለች። ያላሰብኩት ምንድን ነው፣ ቀዳዳ ለእኔ ብቻ አይከፈትም። ፕሮጀክተሩ ብርሃኑን በዚያች ቀዳዳ ሰድዶ ባለድምጿ ፊት ላይ ለጠፈው። ዓይናማዋ እየዘፈነች ወደ መሃል ስትመጣ ጉንጯ ተከፈተና ከውስጧ መነጽር ያደረገች ሴትዮ ብቅ አለች።

 አዳራሹ ውስጥ ጉድ ፈላ! ስልክ ያልያዘ እጅ የለም፤ ፉጨቱ፣ ጩኸቱ፣ "ማናት? ማናት?" ባዩ። ባለድምጿ ግን መዝፈኗን አላቋረጠችም፤ ሥዕሉ አይጠብቅማ።

እኔም ያየሁትን አየሁ። ከብርሃኑ ዳር ባሌ ወደ ፊት አጎንብሶ፣ አፉን ከፍቶ ያያታል። አግቢኝ ብሎ ሲለምነኝ እንኳ እንዲህ አድርጎ አላየኝም። ብልግና አይቼ ቢሆን የማደርገውን አውቅ ነበር። ይኼን ግን ምን ላድርገው? አንጀት የሚበላ ልመና ነበር ፊቱ ላይ፣ ለሌላ ሴት የሚቀርብ።

አለቃው ማጣራት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ባለድምጿ ቀደም ሲል "መጨረሻ ላይ እንኳ ስሜን ጥሩልኝ" ብላ ጠይቃው ነበር፤ "ለመታየት ብለሽ ቀደድሽው" ብሎ እዚያው አባረራት። እኔ ከጎኑ መርፌዬን ይዤ ቆሜያለሁ። ምላሴን ዋጥኩ። ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ ድምጿ ከተቀዳው እንዲለቀቅ ታዘዘ፤ እኔም ከኋላ ሆኜ ጨርቁን እንድጠብቅ። ደስ አለኝ። ምን እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ።

ባሌ ያን ሳምንት እህል በአፉ አልዞር አለ። "ለሷ ነው እንዲህ የምትከሳው?" ብዬ ጮኽኩበት። "እ?" አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ባለድምጿ ጥቁር ቀሚሷን ልትመልስ ወደ ስፌት ክፍሌ መጣች። አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። "በይ እህቴ፣ ደህና ሁኚ" ብላ ልትወጣ ስትል ከአፌ አመለጠኝ።

"እኔ ነኝ የቀደድኩት።"

ዞረች። "ምን አልሽ?"

"ጨርቁን። ከባሌ ጋር በጨለማ የምትሠሪውን ልይ ብዬ።"

ትጮኽብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው።

"እና ምን አየሽ?"

"ሲያይሽ አየሁት።"

"ያያል። ትከሻዬን ነው የሚያየው።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ጆሮው ሄዷል እህቴ። ግራው ጨርሶ ሄዷል፣ ቀኙም እየሄደ ነው። ቆጠራውን መስማት ካቆመ ዓመት ሊሞላው ነው። እኔ እሰማለትና በየምቱ ትከሻዬን አነሣለታለሁ። ከጨርቁ የሚመለሰው ውጋገን ያሳየዋል። አለቃው ቢያውቅ አንድ ቀን አያሳድረውም።"

ክው አልኩ። ሌላ ሴት ብትሆን መጀመሪያ የምታዝነው ለባሏ ጆሮ ነው። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው?

"ለምን ላንቺ ነገረሽ? ለኔ ለምን አልነገረኝም?"

"ላንቺማ አፈረ" አለች። "'ሚስቴ ስትቆጣኝ እንኳ ድምጿ እየራቀኝ ነው' ብሎ አልቅሷል። እኔን ምን ያፍረኛል? ምኑም አይደለሁም።"

እንባዬ መጣ። የለቅሶዬን ግማሽ ለሱ፣ ግማሹን እሷ ፊት በማልቀሱ አለቀስኩት።

"ዛሬ ትከሻ የለውም" አለች ሰዓቷን እያየች። "ድመቱ እጁን ሲያወርድ እሱ ገና ሲያነሣ ሰው ሁሉ ሊያየው ነው።"

"አስተምሪኝ" አልኳት። ይቺን አንዲት ቃል ለዚያች ሴት ለማለት ምላጭ የመዋጥ ያህል ጉሮሮዬን ቀደደኝ። እሷ ግን ወዲያው ተነሣች። ጠረጴዛውን በጣቷ እየመታች፣ ትከሻዬን በእጇ ይዛ ወደ ላይ ወደ ታች አደረገችኝ። "አትቸኩዪ። ፊትሽ አይቁጠር፣ ትከሻሽ ይቁጠር። ከዘፈኑ ጋር አትሂጂ፤ የምትሰሚው ቆጠራውን ብቻ ነው።" እኔ ያባረርኳት ሴት ሁለት ሰዓት ሙሉ ለፋችብኝ። የሷን የጆሮ ማዳመጫ ሰጠችኝ። ቀሚሷ ሲረዝምብኝ ጫፉን ራሷ በመርፌ ቁልፍ አጠፈችልኝ።

ከሰዓት አዳራሹ ጨለመ። ጨርቁን ልጠብቅ ከኋላ ገባሁ። ባሌ ዱላዎቹን ጭኑ ላይ አኑሮ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ተቀምጧል። ዓመት ሙሉ አጠገቤ ተኝቶ ይቺን ፊት ከኔ ደብቋታል። ፊቱ ሄጄ ቆምኩ። አላወቀኝም መሰለኝ፣ ቀሚሱን አይቶ ደነገጠ። ከዚያ ቁመቴን አየ።

ትከሻዬን አነሣሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

ዱላዎቹን ይዞ ደርቆ ቀረ። እንደማውቅ ገባው። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ እኔም ሮጬ ላቅፈው እግሬን አነሣሁ። በዚህ መሃል የተቀዳው የባለድምጿ ድምፅ ከአዳራሹ ተነሣ፤ ዓይናማዋ መጣች፤ ሕዝቡ ጮኸ። ባሌ ያንሾካሾከ መስሎት፣ ሙዚቀኛው ሁሉ እስኪሰማ ጮኾ፣ "ትንሽ ወደ ግራ!" አለኝ። "እሷ የምትቆመው እዚያ ጋ ነበር!"

አንጀቴ እርር አለ። ወደ ግራ ሄጄ ቆምኩለት።